ጫጩቱ ሙሉ አካል ይዞ እንቁላሉ ውስጥ ሲሞት

ጥያቄ፦ ማራገቢያ ባለው የቤት ማስፈልፈያ 30 እንቁላል አስገብቼ 11 ብቻ ተፈለፈሉ። እርጥበቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 65 በመቶ ነበር። የቀሩትን ስሰብራቸው ጫጩቶቹ ሙሉ ናቸው፤ ግን እርጥብና ያበጡ ናቸው። ውሃ አንሷቸው ይሆን?

መልስ፦ አላነሳቸውም፤ እንዳሉት ከሆነ በዝቶባቸዋል። የእንቁላል ቅርፊት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እስከ 18ኛው ቀን ድረስ እንቁላሉ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉን በትነት ማጣት አለበት። በወጣው ውሃ ፈንታ አየር ይገባና በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመብሳቱ በፊት የሚተነፍሰው ከዚያ ኪስ ነው። አየሩ 65 በመቶ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ትነቱ ይቀንሳል፣ ኪሱ ትንሽ ይሆናል፣ ጫጩቱም አብጦ ለመዞር ቦታ ያጣል። ድርቀት ቢሆን ኖሮ ኪሱ ከመጠን በላይ ሰፍቶ፣ ጫጩቱ አነስ ብሎ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋንም ደርቆ ገላው ላይ ተጣብቆ ያገኙት ነበር።

በሚቀጥለው ዙር እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 50 በመቶ ያድርጉት፤ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን የእርጥበት መለኪያውን ይፈትሹ፤ ርካሽ መለኪያዎች ብዙ ጊዜ ይስታሉ። በጠርሙስ ክዳን ጨው ይሙሉና ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩበት፤ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር ጥሩ አድርጎ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለ12 ሰዓት ያቆዩት። ትክክለኛው ንባብ 75 ነው። 68 ካሳየ ወደፊት በሚያነቡት ቁጥር ላይ ሁሌም 7 ይደምሩ።

ከመለኪያው በላይ የማምነው ሚዛንን ነው። ቁጥር የጻፉባቸውን 10 እንቁላሎች ከማስገባትዎ በፊት አንድ ላይ ይመዝኑ። 600 ግራም ከሆኑ በ7ኛው ቀን 28፣ በ14ኛው 56፣ በ18ኛው 72 ግራም ያህል መቀነስ አለባቸው። በ7ኛው ቀን የቀነሱት 18 ግራም ብቻ ከሆነ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው እስኪስተካከል በደረቁ ያስኬዱት። 40 ግራም ከቀነሱ ግን ውሃ ይጨምሩ። ጽንስ የሌለውን እንቁላል ሲያወጡ ክብደቱን ከመነሻው ላይ መቀነስ አይርሱ፤ ስለዚህ እያንዳንዱንም ለብቻው መዝነው ይመዝግቡ።

እርጥበትን የሚወስነው የውሃው ስፋት ነው፣ ጥልቀቱ አይደለም። ጠባብ ዕቃ ቢሞሉት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ሰፋ ያለ ሳህን ወይም ግማሽ አካሉ ከውሃው በላይ የቀረ ስፖንጅ ግን ወዲያው ያሳያል። እርጥበት ለመጨመር ብለው የአየር ቀዳዳዎቹን በፍጹም አይድፈኑ፤ ጫጩቶቹ ኦክስጅን አብዝተው የሚፈልጉት በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው።

18ኛው ቀን ላይ እንቁላሎቹን ማገላበጡን አቁመው እርጥበቱን ከ65 እስከ 70 በመቶ ያድርሱ። አሁን የሚፈለገው ስስ ሽፋኑ እንዳይደርቅ ነው። የመጀመሪያው ቅርፊት ከተበሳ በኋላ ክዳኑን አይክፈቱ፤ እርጥበቱ በአንድ ጊዜ ይወርድና ሽፋኑ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ውሃ ካነሰ በአየር ቀዳዳው ቀጭን ቱቦ አስገብተው በሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ። ከተበሳ ወዲህ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በእጅ ለማገዝ አይቸኩሉ፣ ደም ስሮቹ ገና ሳይደርቁ ከተላጠ ይደማል። ጫጩቶች ሲወጡ ንባቡ በራሱ ወደ 80 ይዘላል፤ እሱ አያሳስብዎት፣ ላባቸው ሲደርቅ ይመለሳል።