ለአንድ ቀን ቢሾፍቱ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳንርቅ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን አማቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዘን አንድ ቀን ሐይቅ ዳር መዋል አስበናል። ባለቤቴ ቢሾፍቱ ይበቃል ይላል፤ እኔ ግን ቢሾፍቱ ሪዞርት እንጂ ታሪክ ያለው ስለማይመስለኝ ዝዋይን ወይም ወንጪን እመርጣለሁ። በዚያ ላይ ባለፈው ጥር እዚያው ቢሾፍቱ ባለው ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ብዙ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አይተን፣ ውኃው ተመርዟል ብለን ምሳ ሳንበላ ተመልሰናል። ምን ይመክሩናል?
አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ ጉዳይ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ። ወንጪ ውብ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። ሆኖም ወደዚያ ለመሄድ ከእናንተ ሰፈር ተነሥቶ መጀመሪያ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ የሐይቁ አፋፍም ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ብርዱ ለአማትዎ አይመችም። የዝዋይ ዋና ቁም ነገር ደግሞ በደሴቶቹ ላይ ነው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋበት ነበር የሚባለው ገዳም የሚገኘው ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ስለሆነ፣ ያንን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል፤ ለማየት ደግሞ ረጅም የጀልባ ጉዞ አለ። ለዚያ ሁለት ቀን ይያዙ።

ስለ ዓሣው የጠየቁት ጉዳይ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ባቦጋያ፣ ሆራና ሐይቅ ቢሾፍቱ የተፈጠሩት ከምድር ውስጥ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚህ የተነሣ ስፋታቸው ትንሽ፣ ጥልቀታቸው ግን ብዙ ነው፤ ባቦጋያ 65 ሜትር፣ ሐይቅ ቢሾፍቱ ደግሞ 87 ሜትር ድረስ ተለክተዋል። ዙሪያውን የከበባቸው ገደል ነፋሱን ስለሚከለክል የላይኛውና የታችኛው ውኃ አብዛኛውን ዓመት ሳይቀላቀል ይቆያል፤ ከታች ያለውም ኦክስጅን አልባ ሆኖ ይተኛል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲበርድ ግን የላዩ ውኃ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፣ የታቹም ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ዓሣው አየር አጥሮት ያልቃል። በቢሾፍቱ ሐይቆች በብርድ ወራት የታወቀ ነገር ስለሆነ፣ የሞተ ዓሣ መታየቱ ብቻውን ሰው መርዝ ለመጨመሩ ማስረጃ አይሆንም። እርግጥ ነው፣ ሞቶ የተንሳፈፈውን ዓሣ አለመብላታችሁ ትክክል ነበር። ልጆቹ እንዳይዋኙ የምመክረውም በዚሁ ጥልቀት ምክንያት ነው፤ ዳሩ ሁለት እርምጃ ሳይኬድ ገደል ይሆናል።

ታሪክ የለውም ላሉት ግን እከራከርዎታለሁ። ሚኒባስ ላይ ያለው ረዳት እስከ ዛሬ “ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!” እያለ ሲጣራ ሰምተው ይሆናል። ይህ በንጉሡ ዘመን ከኢየሩሳሌሙ ተራራ ተወስዶ ለከተማዋ የተሰጠ ስም ሲሆን፣ የጥንት ስሟ ቢሾፍቱ በኋላ ተመልሶላታል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ያለፈው በዚህች ከተማ ነው። የአየር ኃይላችን ዋና ሰፈርም እዚሁ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ አብራሪዎችን ማሠልጠን የያዙት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነበሩ። አማትዎ የጤፍ ነገር የሚገዳቸው ከሆነ ደግሞ፣ ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ከዚህችው ከተማ የግብርና ምርምር ማዕከል መሆኑን ይንገሯቸው፤ የአድአን ማኛ ለሚያውቅ ሰው ከሪዞርቱ ይልቅ ይህ ይጥመዋል።

ቀኑን በሆራ አርሰዲ ይጀምሩ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ የኢሬቻ በዓል የሚከበረው በዚህ ሐይቅ ዳር ሲሆን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። በዓሉን ለማክበር ካልሆነ በስተቀር ያን ቀን አይምረጡ፤ መንገዱም መኪና ማቆሚያውም ይጨናነቃል። ከሆራ ቀጥሎ በባጃጅ ወደ ሐይቅ ቢሾፍቱ ይሻገሩ፤ አማትዎን ወደ ውኃው ላውርድ ብለው እንዳያደክሟቸው። ይህ ሐይቅ ከላይ ሆነው የሚያዩት ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ቡና አዝዘው ሲቀመጡ፣ ውኃው ከእግርዎ ሥር ሩቅ ወርዶ እንደ ገበቴ ውስጥ ተኝቶ ይታይዎታል፤ ወፎቹም ከእርስዎ በታች ይበራሉ። ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል።

ከተቻለ ቅዳሜን ይምረጡ። እሑድ ማታ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚመለስ፣ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ ልጆቹ መኪና ውስጥ ይተኙብዎታል።