እሑድ ማታ የሚያስለቅስ ወርክሺት፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ልጁ አንደኛ ደረጃ ነው። ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ሥራ ይልካል። ቤቱ ሰላም አጥቷል። የተወሰኑትን መርጬ፣ ረጃጅሞቹንም ትንሽ አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ለብዙ ዓመት ስላስተማርኩ "ቲቸር" እያላችሁ መጻፋችሁን አልጠላሁትም።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር። የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለኝ። ዓርብ ከሰዓት በቴሌግራም ስድስት ገጽ ወርክሺት ይላክልናል፤ ሦስቱ ሒሳብ፣ ሦስቱ እንግሊዝኛ። እሑድ ማታ ሁለታችንም እያለቀስን ነው የምንጨርሰው። ምን ላድርግ? (ከጀሞ)

መልስ፦ ስድስቱን ገጽ በአንድ ቀን ማሠራቱን ተዪው። ዓርብ ማታ ምንም አይሥራ፤ እሱም እንደ አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ነው የከረመው። ወረቀቱን ብቻ አብራችሁ እዩት። የሚችለው ጥያቄ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ድሮ የሚያውቀው ሆኖ ይገኛል። እሱን ቅዳሜ ጠዋት በ20 ደቂቃ ያበቃዋል። ለሚከብደው ቅዳሜ ከሰዓት 20 ደቂቃ፣ እሑድ ጠዋት ሌላ 20 ደቂቃ ስጪው። ሰዓቱ ሲሞላ እርሳሱ ይቀመጥ። እሑድ ማታ የእንቅልፍ ነው።

ያልተሠራ ከቀረስ? አንቺ እንዳትሠሪለት፣ እለምንሻለሁ። እናት የሠራችው ወርክሺት ከሩቅ ያስታውቃል። ሰባት ቁጥሩ ራሱ የትልቅ ሰው ሰባት ነው። በመገናኛ ደብተሩ ላይ "ከ4ኛው ጥያቄ በኋላ ያለው አልገባውም፤ 40 ደቂቃ ሞክረናል" ብለሽ ጻፊ። እኔ ሳስተምር እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ከሙሉ ወርክሺት ይልቅ ትጠቅመኝ ነበር። ሁሉም ትክክል ሆኖ ሲመጣማ "ገብቶታል" ብዬ ወደሚቀጥለው ነበር የማልፈው።

በቴሌግራም መላኩ በየቤቱ የገባው መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ነው። ያኔ አማራጭ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ወርክሺቱ ግን እኛው ጋ ቀረ።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሾፌር ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። ላግዛት ብል እንግሊዝኛውን ከኔ እሷ ትሻላለች። አስጠኚ ለመቅጠር ደግሞ አቅም የለኝም። (ከአዳማ)

መልስ፦ እርስዎ እኮ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሲሠሩ ነው የሚውሉት። ማታ እራት ሲጠበቅ እንዲህ ብለው ይጠይቋት፦ "ሦስት ሰው ጫንኩ። ለአንድ ሰው 15 ብር ነው። አንዱ የሁሉንም ልክፈል ብሎ 100 ብር ሰጠኝ። ስንት ልመልስለት?" 55 ካለች ጎበዝ። ግን እዚያ ላይ አያቁሙ። "እንዴት አገኘሽው?" ይበሏት። አንዷ 15ን ሦስት ጊዜ ደምራ ከ100 ትቀንሳለች። ሌላዋ ከ45 ተነሥታ እስከ 50፣ ከዚያ እስከ 100 ትቆጥራለች፤ ልክ እርስዎ መልስ ሲሰጡ እንደሚያደርጉት። ሁለቱም ልክ ነው። መንገዱን መናገር መቻሏ ከመልሱ አይተናነስም።

ትንሽ ከበረታች የቀኑን ሒሳብ እሷ ትያዝ። ስንት ተሠራ፣ ለነዳጅ ስንት ወጣ፣ ለባለቤቱ ገቢ ስንት፣ ለቤት ስንት ተረፈ። አንድ ደብተር ይበቃል። ጓደኞቿ ወርክሺት ላይ የሚያገኙትን መደመርና መቀነስ እሷ በእውነተኛ ብር ትሠራዋለች።

እንግሊዝኛውን ደግሞ እሷ ታስተምርዎት። በሳምንት አምስት ቃል። እርስዎ ይሳሳቱ፣ እሷ ታርም። አባት ሲሳሳት ማየት ለልጅ ሰርግና ምላሽ ነው። መንገድ ላይ አብረው ሲሄዱ ታፔላ ታንብብልዎት። "ፋርማሲ" የሚለው ሥር ያለው እንግሊዝኛ በ"ኤፍ" አይጀምርም፤ በ"ፒ" እና "ኤች" ነው። ለምን? ብላ ትጠይቅዎታለች። "እኔም አላውቅም፣ ነገ አስተማሪሽን ጠይቂና ንገሪኝ" ማለት ምንም ነውር የለበትም።

ስለ አስጠኚው ብዙ አይጨነቁ። ጎበዝ አስጠኚ አለ። ልጁ አጠገብ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ሠርቶለት የሚሄድም አለ፣ እሱ ባይመጣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ያንበለብለዋል። ከመሃል አንድ ቃል ነጥዬ ስጠቁመው ግን አያውቀውም። ምን ሆኖ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሸምድዶታል። ይሄ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ጭንቅላት እንዳለው ያሳያል። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚቆሙት፤ ምክንያቱም ከፊደላችን ይመጣል።

በአማርኛ የፊደሉ ስምና ድምፁ አንድ ነው። "መ"ን ስሟን ካወቅህ ድምፁንም አውቀሃል። "መ"፣ "ኪ"፣ "ና" ያለ ልጅ ሳያውቀው "መኪና" ብሏል። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይደለም። ፊደሉን "ኤች" ብለን እንጠራዋለን፤ ድምፁ "ህ" ነው። "ደብልዩ" እንላለን፤ ድምፁ "ው" ነው። እና ልጁ "ሲ-ኤ-ቲ" ብሎ ስሞቹን ቢደረድር "ካት" ከየት ይምጣለት? አይመጣም። ስለዚህ ቃሉን እንደ ሥዕል ይይዘዋል፤ ከገጹ ሲነጥሉበት ይጠፋዋል።

መፍትሔው ድምፅ ማስተማር ነው። በሳምንት አራት ፊደል ይበቃል። በ"ኤስ"፣ "ኤ"፣ "ቲ" እና "ፒ" ጀምሩ። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፉ። እያቀያየረ ይደርድራቸው፦ "ሳት"፣ "ታፕ"፣ "ፓት"። ከአራት ቆርኪ ስንት ቃል እንደሚወጣ ሲያይ ጨዋታ ይሆንበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሦስት ቆርኪ ጨምሩ።

እዚህ ላይ ፊደላችን አንድ ውለታ ይውልልናል። ሳድስ አለን። የ"ቲ"ን ድምፅ ስታሰማው "ተ" አትበይ፤ "ት" በይ። የ"ኤስ"ን "ስ"። "ሰ-አ-ተ" ካልሽው "ሰአተ" ብሎ ይቀራል። "ስ-አ-ት" ስትይው ግን ቃሉ ራሱ ይገጥማል። መሃሉ ላይ ያለው አናባቢ በ"አ" እና በ"ኤ" መካከል ያለ ድምፅ ነው። እሱን አፍሽን ከፈት አድርገሽ አሳዪው፤ ፍጹም ባይሆን አትጨነቂ።

"ፕ" እና "ብ" ከተምታቱበት ቀጭን ወረቀት ከንፈሩ ፊት ያዢ። "ፓ" ሲል ወረቀቱ ይወዛወዛል፣ "ባ" ሲል እምብዛም። የኔ አያት ዕድሜዋን ሙሉ "ቦሊስ" እና "ባስታ" እንዳለች ነው ያለፈችው፤ ወረቀት የያዘላት አልነበረም።

ጥያቄ፦ አራተኛ ክፍል ደርሳ የማባዣ ሰንጠረዥ አልያዝ አላት። አባቷ ይቆጣል፣ እሷ ታለቅሳለች። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሰንጠረዡን ሙሉውን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከሆነ አንሡት። ከ1 እስከ 10 ያለው 100 ሣጥን ነው። ትልቅ ሰውም ያስፈራል። አብራችሁ እየሰረዛችሁ አሳንሱት።

መጀመሪያ የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ይሰረዙ። እነዚህን ታውቃቸዋለች፤ ባታውቅም በሳምንት ትይዛቸዋለች። ቀጥሎ የእንቁላል ትሪ አምጡ፣ 30 የሚይዘውን። በአንድ በኩል 5 ረድፍ ባለ 6 ነው። አዙሩት፤ 6 ረድፍ ባለ 5 ሆነ። እንቁላሉ ግን ያው 30 ነው። ስለዚህ 3×7ን የያዘች ልጅ 7×3ን እንደገና መያዝ የለባትም። ተደጋጋሚው ሁሉ ይሰረዝ።

የ9 በጣት ይሠራል። አሥሩንም ጣት ዘርጊ። 9×4 ከሆነ ከግራ አራተኛውን ጣት እጠፊ። ከታጠፈው በስተግራ 3፣ በስተቀኝ 6 ጣት ቀረ፤ 36። ከ9×1 እስከ 9×10 ሁሉም እንዲሁ ይወጣል።

አሁን የቀረውን ቁጠሩት። 15 ብቻ ነው፦ 3፣ 4፣ 6፣ 7 እና 8 እርስ በርስና ከራሳቸው ጋር ሲባዙ። በሳምንት ሦስት ሦስት ብትይዝ በአምስት ሳምንት አለቀ። ሁሉም የሚጠላው 7×8 ነው። "5፣ 6፣ 7፣ 8" ብላ ትቁጠር፤ 56 ማለት 7×8 ነው። የአባትየውን ቁጣ በተመለከተ፣ እሱም 15ቱን ወረቀት ሳያይ ይሞክራቸው። ከዚያ እናወራለን።

ትሪውን ደግሞ አትጣሉት። ሁለት ባለ 6 ረድፍ ቆርጣችሁ ብታወጡ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ነው። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲገባ ስንት ጠጠር ያስፈልጋል? እሱም ማባዛት ነው።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ የእንግሊዝኛ ካርቱን ቢያይ ይማራል? (ከሳሪስ)

መልስ፦ አብረሽው ከተቀመጥሽ፣ አዎ። አሥር ደቂቃ አይቶ ዝጊውና "ምን አለ?" በዪው። ከሰማው ውስጥ ሦስት ቃል ይንገርሽ። ወጥ እስክትሠሪ ዝም እንዲልልሽ ከሆነ የሰጠሽው ግን ካርቱን ነው ያየው። እሱም አንዳንዴ ያስፈልጋል፤ ጥናት ግን አንበለው።

ጥያቄ፦ ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ ስድስተኛ ክፍል። የሚቀጥለው ዓመት ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከአሁኑ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ እናውራ? (ከኮልፌ)

መልስ፦ አይሆንም። ቤታችሁን ዝምተኛ ታደርጉታላችሁ። ልጁ ክፍልፋይን በአማርኛ በደንብ ከተረዳ ሰባተኛ ክፍል ላይ የሚቸገረው በቃሉ ብቻ ነው። በአማርኛም ካልገባው ግን ችግሩ ሁለት ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ደብተር በሁለት ዓምድ ይከፈል። በሳምንት ስድስት ቃል። ድምር "ሳም"፣ ልዩነት "ዲፈረንስ"፣ ብዜት "ፕሮዳክት"፣ ላዕል "ኑሜሬተር"፣ ታህት "ዲኖሚኔተር"፣ ዙሪያ "ፔሪሜትር"። አጻጻፉን ከመጽሐፉ ያውጣ። ከጎኑ አንድ አንድ ምሳሌ በቁጥር ይሥራ። የቃላት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ ታሪኩን በአማርኛ ይንገርህ፤ ስሌቱ ከዚያ በኋላ።

አንድ ወጥመድ ልንገርህ። "ፎርቲን" 14 ነው፣ "ፎርቲ" 40። "ፊፍቲን" 15፣ "ፊፍቲ" 50። በአማርኛ አሥራ አራትና አርባ አይምታቱም። በእንግሊዝኛ ግን ጆሮ ያታልላል። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ቁጥር እየጠራህለት ይጻፍ። አንተም ጥራህን አስተካክል፤ ጥፋቱ የጠሪው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ኔትወርክ ካለ በሳምንት ሁለቴ በኢሞ እናወራለን። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላደርግለት እችላለሁ?

መልስ፦ "አጠናህ?" ብለሽ አትጀምሪ። "አዎ" ይልሻል፣ ወሬው ያልቃል።

በሰዓት ጀምሪ። ዱባይ ከደሴ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። "ስልኬ የማታ 9 ይላል። አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?" በዪው። አንድ ቀንሶ 8 ማለት አለበት። ከዚያ ወደ እኛ ሰዓት ለማምጣት ስድስት ይቀንሳል፤ ማታ 2 ሰዓት። መጀመሪያ ላይ አንዱን ቅናሽ ብቻ ይሥራ፣ ሲለምደው ሁለቱን። የእንግሊዝኛ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ በ7 ቁርሱን ሲበላ ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። የኛ 7 ሰዓት ምሳ እኮ ነው!

ለእንግሊዝኛው እናትሽ አሉልሽ። አንድ አጭር ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። እሳቸው "ምን ማለት ነው?" ይበሉት፤ እሱ በአማርኛ ያስረዳ። ማንበብ የማይችል ሰው ከልቡ ነው የሚጠይቀው፣ ልጁም ማምለጫ የለውም። አንቺ ስትደውዪ ያንኑ ገጽ ላንቺ ይድገመው።

ለሒሳቡም እሳቸው ይበቃሉ። የቤቱን ርዝመት በክንዳቸው ይለኩ። ከዚያ ልጁ በራሱ ክንድ ይለካ። እሳቸው 9 ክንድ ያሉትን እሱ 13 ካገኘው "ታዲያ ማናችሁ ተሳሳታችሁ?" በዪው። ወዲያው እንዳትነግሪው። መልሱን ለሚቀጥለው ስልክ ይዞ ይጠብቅሽ።