ይጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ የስንዴ ቢራ በቤት

ጥያቄ፦ ጠላ መጥመቅ እችላለሁ፣ ለስንዴ ቢራ ግን አዲስ ነኝ። ለ10 ሊትር ምን ያህል እህል ይበቃል? አሻሮ ይገባል? (ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አሻሮውን ለጠላው ያቆዩት። የስንዴ ቢራ ስኳሩን የሚያገኘው ብቅሉ ውስጥ ካሉት ኢንዛይሞች ነው፤ የተቆላ እህል ደግሞ ኢንዛይሙ ሞቷል። 1.2 ኪሎ የስንዴ ብቅልና 1 ኪሎ የገብስ ብቅል ይበቃዎታል። ብቅሉን ከገበያ ከገዙ አንድ እፍኝ ፈትገው ያሽትቱ፤ ሻጋታ ሻጋታ ካለ አይውሰዱት። ቤት ካበቀሉት ፀሐይ ላይ አስጥተው ያድርቁት እንጂ ምጣድ አያሳዩት። ወፍጮ ቤት ሲወስዱም «እንደ ቂንጬ» ይበሉ፤ ዱቄት ከሆነ አይጠልልም።

7 ሊትር ውኃ 73 ዲግሪ ሲደርስ ብቅሉን ጨምረው ያማስሉ፤ ሙቀቱ ወደ 66 ይወርዳል። ለዚህ የምግብ ቴርሞሜትር የግድ ነው፤ በጣት መለካት እዚህ አይሠራም። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው 1 ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ አንድ ማንኪያ ነጭ ሳህን ላይ አድርገው ከፋርማሲ የሚገኝ አዮዲን ጠብ ያድርጉበት። ከጠቆረ ስታርቹ ገና ወደ ስኳር አልተለወጠምና 15 ደቂቃ ይጨምሩ። የአዮዲኑ ቀለም ካልተለወጠ ደርሷል። የፈተኑበትን ይድፉት፤ ወደ ድስቱ አይመልሱት።

ጥያቄ፦ ስንዴ ብቻ ተጠቅሜ ድፍድፉ እንደ ሙጫ ሆነ፤ አልጠልል አለኝ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ስንዴ ሲወቃ ገለባው ይለቃል፤ ገብስ ግን ቅርፊቱን ይዞ ይቀራል፣ ማጥለያ የሚሆነውም እሱ ነው። ገብሱን የምናስገባው ለዚህ ነው። ለአሁኑ 75 ዲግሪ የሞቀ ውኃ 2 ሊትር ጨምረው በቀስታ ያማስሉና 10 ደቂቃ ያሳርፉት። በጨርቅ ሲያጠሉት ግን አይጭመቁት። በደንበኛው አሠራር ከመጀመሪያው ማጥለል በኋላ አተላው በ7 ሊትር ሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ ከ78 ዲግሪ ካለፈ ግን ከቅርፊቱ ምላስ የሚይዝ ጣዕም ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሆፕ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) ለ60 ደቂቃ ይፈላል ይባላል። ለጎንደርም ያው ነው? ጌሾስ ይተካዋል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የሆፕ ምሬት ደግሞ የሚወጣው በሙቀት ነው፤ ስለዚህ የጠለለውን ከሆፑ ጋር 80 ደቂቃ ያፍሉት። አልፋ አሲዱ (ምሬት የሚሰጠው ክፍል፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል) 5 በመቶ የሆነ ሆፕ ከሆነ 12 ግራም ይበቃል፤ ይህ ቢራ ምሬቱ ለስላሳ ነው። ጌሾ ምሬት ይሰጣል፣ የሆፕን ሽታ ግን አይሰጥም። ከተጠቀሙም ከቅጠሉ ይልቅ ጥቂት የጌሾ እንጨት በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ይጨምሩ፤ በየ10 ደቂቃው እየቀመሱ ሲበቃዎ ያውጡት። የሚጠጣ ነገር ይሆናል፤ የጀርመኖቹን የስንዴ ቢራ ጣዕም ግን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ በወይራ ባጠንኩት ጋን ውስጥ አብላላሁት፤ ጎመዘዘ። በበረኪና ባጠብኩት ጄሪካን ስሞክር ደግሞ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለቱም የዕቃው ጣጣ ነው። የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የጠላው ባክቴሪያ ተደብቆ ይቀራል፣ ጢሱም አያጠፋውም። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ እርሾው ከሚሠራቸው ፌኖሎች (ሽታ ሰጪ ውሁዶች) ጋር ሲገናኝ ያንን የሆስፒታል ሽታ ይፈጥራል፤ የስንዴ ቢራ እርሾ ፌኖል ስለሚያበዛ ከሌላው ቢራ ይልቅ ይብስበታል። ለምግብ የሚሆን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይጠቀሙ፣ በረኪና ካስነካኩት ፈልቶ በበረደ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁት።

የፈላበትን ድስት ክዳኑን እንደገጠሙ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው ከ22 ዲግሪ በታች ያብርዱና 5 ግራም ደረቅ የስንዴ ቢራ እርሾ ይበትኑበት። የዳቦ እርሾ አልኮል ያወጣል፣ የስንዴ ቢራ መለያ የሆነውን የቅርንፉድና የሙዝ ሽታ ግን እንደሚፈለገው ላያመጣ ይችላል። 18 ዲግሪ አካባቢ ቅርንፉዱ፣ 22 አካባቢ ሙዙ ይጎላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ስለሚሞቅ ባልዲውን ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው እርጥብ ጨርቅ ያልብሱት። ክዳኑ ጋዝ ማስወጫ ይኑረው።

ጥያቄ፦ መቼ ይታሸጋል? (ከማራኪ)

መልስ፦ አረፋው ስለጠፋ ብቻ አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ 10 ቀን ይፈልጋል። በሃይድሮሜትር (የቀረውን ስኳር በፈሳሹ ጥግግት የሚያሳይ መለኪያ) ለክተው ለ3 ቀን ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ አልቋል። በሊትር 7 ግራም ስኳር ጨምረው በለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያሽጉት፤ ለጀማሪ ብርጭቆ ጠርሙስ አንመክርም፣ ስኳር ከተረፈበት ይፈነዳል። ፕላስቲኩን በየቀኑ ጨመቅ እያደረጉ ይዩ። እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ወደ ፍሪጅ ያስገቡት።