አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 ልጫን? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል።

ላፕቶፔ ኮር አይ5 ነው፣ ፈጣን ነው። ለምን «መስፈርቱን አያሟላም» ይለኛል?

አይ5 መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ይታያል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ይግቡ። «አይ5-6200ዩ» የሚል ካገኙ ስድስተኛ ትውልድ ነው። ከኢንቴል ተቀባይነት ያላቸው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕም ያስፈልጋል። እሱ አንዳንዴ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ስለሚገኝ፣ የለም ከማለትዎ በፊት ያስፈትሹ።

ሰፈር ያለ ባለሙያ «በሩፈስ አልፌ እጭንልሃለሁ» አለኝ። ላስጭን?

ሥራዎ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ አያስጭኑ እላለሁ። ሩፈስ፣ ማለትም የመጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ የመስፈርቱን ፍተሻ ያዘልላል፣ ብዙ ጊዜም ይጫናል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን የደህንነት ማሻሻያ ጭምር ለመላክ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥርም ያንኑ ዘዴ መድገም ሊኖርብዎት ይችላል። ዋይፋዩ ወይም ድምፁ ድራይቨር (ከዊንዶውስ ጋር የሚያሠራው ፕሮግራም) አጥቶ የሚቀርበትም አለ። ፕሮሰሰሩ የድሮው ኮር 2 ዱዎ ከሆነማ አይሞክሩት፤ ከዊንዶውስ 11 24ኤች2 ቨርዥን ጀምሮ ጭራሽ አይነሳም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «አፕግሬድ ነው ወይስ ፎርማት?» ፎርማት ከሆነ ሲ ድራይቭ ይጠፋል። ዴስክቶፕና ዶክመንት ላይ ያስቀመጡት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ መዝገብ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሰው ይህን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ሲሆን ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፣ ፋይሎቹ መከፈታቸውንም በሌላ ኮምፒውተር ያረጋግጡ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ዊንዶውሱ አልነሳም ሊል ይችላል።

ከጫንኩ በኋላ ቢንቀራፈፍ መመለስ እችላለሁ?

በአፕግሬድ ከሆነ አዎ፣ በ10 ቀን ውስጥ፤ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» የሚለውን ይጫኑ። «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚለውን ፎልደር ግን አያጥፉ። ፎርማት ከተደረገ መመለሻ የለም።

ታዲያ በዊንዶውስ 10 ልቆይ?

ለጊዜው ይቻላል። የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 አለ። ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ ነገር ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የሴቲንግ ባክአፕ ካበሩ በነፃ ይገኛል። የውጭ አገር ካርድ ለሌለን ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዊንዶውስ 10 ቨርዥንዎ 22ኤች2 መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ለአሮጌ ማሽን እኔ የምመክረው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን ነው።

እህቴ ከአሜሪካ የተጠቀመችበትን ላፕቶፕ ልትልክልኝ ነው። ምን ላስፈትሻት?

ከመላኳ በፊት «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ታስኪደው፤ ይሆናል አይሆንም ብሎ ይነግራታል። ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ታጥፋው ወይም ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ትላክልዎት። ያለ ቁልፉ ዲስኩን እዚህ የሚከፍትልዎት ሰው አያገኙም።