ሙከራውን አልፈው ቱቦው ለምን አልወጣም?

እህቴ፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉት አባትሽ 30 ደቂቃ በራሳቸው ተንፍሰው ሙከራውን አለፉ ከተባለ በኋላ በጉሮሯቸው የገባው የማሽኑ ቱቦ ለምን አልወጣም ብለሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል። ነገሩ ግን ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው ሳንባቸው አሁንም ማሽኑን ይፈልጋል ወይ? ሌላው ደግሞ ያለ ቱቦው የአየር መተላለፊያ ቧንቧቸውን ክፍት አድርገው መጠበቅ ይችላሉ ወይ? ሙከራው (አንዳንዴ እስከ 2 ሰዓት ይሄዳል) በዋናነት የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው።

ስለዚህ ነቅተው ትእዛዝ ይቀበላሉ ወይ፣ አክታው ምን ያህል ነው፣ ጉሮሮ አብጦ ይሆን የሚለውም ይታያል። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ሳሉን ነው። ትንፋሹ ቆንጆ ሆኖ ሳሉ ደካማ የሆነ ሰው አክታው ያፍነውና ቱቦው ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቆይታውን ያረዝማል፣ ለሳንባ ምችም ያጋልጣል።

ዝም ብሎ ማቆየትም ግን ጥሩ አይደለም። ድያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ማሽኑ ሥራውን ሲሠራለት በቀናት ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ ሐኪሙን በቀጥታ "አሁን ቱቦው እንዳይወጣ የያዘን ምንድን ነው?" ብለሽ ጠይቂው። ማስተኛ መድኃኒቱ ከሆነ፣ መቀነስ ይቻል እንደሆነ በየቀኑ ጠይቂ። የጉሮሮ እብጠት ከሆነ ቱቦው ከመውጣቱ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ሊሰጥ ይችላል። ሙከራው ሳይሳካ ቢቀር እንኳ ምክንያቱ ታይቶ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይደገማል።

ከፈቀዱልሽ በሙከራው ሰዓት አጠገባቸው ሁኚ፣ እጃቸውን ያዢ። ፍርሃት ብቻውን ትንፋሽ ያፈጥናል።