«ጾም ላይ ሆነሽ የፍቅር መጽሐፍ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለድ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። አወይ ጉዴ! ከደሴና ከኮምቦልቻ ብቻ የመጣው ጥያቄ ይህን ገጽ ሞልቶ ተርፏል። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ የእናንተ የወሎዎቹ ነው። የሌላ አገር ደብዳቤዎች ተራቸውን ይጠብቁ። ስማችን አይጠቀስ ያላችሁትን አክብሬያለሁ፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። የምኖረው ደሴ ሮቢት አካባቢ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ያመጣችልኝ የእንግሊዝኛ ክርስቲያናዊ የፍቅር መጻሕፍት አሉኝ፤ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። እናቴ ግን ባየችኝ ቁጥር «ጾም ላይ ሆነሽ የፍቅር መጽሐፍ?» ትለኛለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጸሐፊዎቹ ደግሞ ፕሮቴስታንት ይመስሉኛል። ኃጢአት ነው እንዴ?

መልስ፦ ኃጢአት ነው አይደለም የሚሉሽ ንስሐ አባትሽ ናቸው፤ እኔ የመጽሔት ሰው ነኝ። ስለ መጽሐፉ ግን ልንገርሽ። እናትሽ የፍቅር መጽሐፍ ሲባል የታያቸው ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም። አንቺ የያዝሻቸው ላይ ባልና ሚስት እንኳ ቢሆኑ መብራት ከጠፋ በኋላ ያለው አይተረክም። ስድብም የለም። ሁለቱ ሰዎች ሲዋደዱ፣ ሲኳረፉ፣ ሲታረቁ ከእግዚአብሔር ጋር ያላቸው ነገርም አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ብዙ ጊዜ በሐዘን የተነሳ ጸሎት የተወ ሰው ነው።

እስኪ አንድ ማታ ለእናትሽ መጽሐፈ ጦቢትን አንብቢላቸው። 81ዱ ውስጥ አለ። ሣራ ሰባት ጊዜ ተድራ ሰባቱም ባሎቿ በሠርጉ ሌሊት ሞተውባታል። ስምንተኛው ጦብያ ነው፣ መልአኩ ሩፋኤል መንገድ መርቶ ያመጣው። ሙሽሮቹ ከመኝታቸው ተነስተው ይጸልያሉ። አባትየው ምን እያደረገ ነው? ውጭ ጉድጓድ እያስቆፈረ! ይሄኛውም ከሞተ ጎረቤት ሳያይ ሌሊቱን ሊቀብረው። ከዚያ ሠራተኛዋን መብራት ይዛ ገብታ እንድታይ ይልካታል፤ ሁለቱም ተኝተዋል፣ በሕይወት አሉ። ይሄን የጻፈ ሰው ልብ ማንጠልጠል አያውቅም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ያዕቆብ ለራሔል ሲል ላባን 14 ዓመት ማገልገሉን፣ የሩትንና የቦዔዝን ነገር ደግሞ እናትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ የአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች መሆናቸው እውነት ነው። ስለዚህ ንስሐ አባት፣ ጾም፣ ታቦት፣ ተክሊል አትጠብቂ። ሴቲቱ ስትጨነቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አትሮጥም፤ ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ ከእግዚአብሔር ጋር ታወራለች። ይሄን አውቀሽ ከገባሽ አይረብሽሽም። የጾሙን ነገር ግን ለእናትሽ ለቅቄያለሁ። 55 ቀን ቢቀመጥ መጽሐፉ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። ባለቤቴ እነዚህን መጻሕፍት ታነባለች፤ እኔም እሷ ስትተኛ ደብቄ አነባለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ቢሰሙ አበቃልኝ። ለወንድ የሚሆን አለ?

መልስ፦ ለወንድና ለሴት ብሎ የተለየ የለውም ወንድሜ። ሽፋን እንዳያጋልጥህ ከፈለግክ ግን «ቤን ኸር»ን ያዝ። እ.ኤ.አ. በ1880 የወጣ ነው፤ የሠረገላ ውድድር አለው፣ በቀል አለው፣ ክርስቶስም አለበት። የጻፈው ሉ ዋላስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ጄኔራል ነው፤ ካሾፉብህ ይሄን ንገራቸው። ቀጥሎ የፖላንዳዊው የሸንኬቪች «ኮ ቫዲስ» አለልህ። በኔሮን ዘመን አንድ ትዕቢተኛ የሮም መኮንን አንዲት ክርስቲያን ልጅ ይወዳል። በጉልበት ሊወስዳት ይሞክርና ልጅቷ ታመልጠዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ራስህ አንብበው። ባለቤትህ ደግሞ ታውቅብሃለች። ምልክት ያደረገችበት ገጽ ቦታውን ሲቀይር አላየችም ብለህ ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ስላበዱላቸው ሦስት አራቱን አነበብኩ። ሁሉም አንድ ናቸው! ሳይዋደዱ ይጋባሉ፣ ከዚያ ይዋደዳሉ፣ ከዚያ ይጸልያሉ። ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለይ?

መልስ፦ የሳይዋደዱ መጋባቱን ነገር ያስፋፋችው ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው «ላቭ ከምስ ሶፍትሊ»። ማርቲ የምትባል ወጣት ነፍሰ ጡር እያለች በጉዞ ላይ ባሏ ይሞትባታል። ክላርክ የሚባል፣ እሱም ሚስቱ የሞተችበት ሰው «ትንሽ ልጅ አለችኝ፣ ለእሷ እናት ሁኚልኝ፤ ክረምቱ ሲያልፍ ወደ አገርሽ መመለስ ከፈለግሽ መሳፈሪያሽን እከፍላለሁ» ብሎ ያገባታል። ልጅቷ ምግብ መሥራት አታውቅም። የምታውቀው ፓንኬክ ብቻ ነው፤ ጠዋትም ፓንኬክ፣ ማታም ፓንኬክ። ሰውየው ቃል ሳይተነፍስ ይበላል። እኔ ያን መጽሐፍ የወደድኩት በጸሎቶቹ አይደለም፤ በዚያ ዝም ብሎ በሚበላው ሰው ነው። ሃይማኖቱ እዚያ ዝምታ ውስጥ አለ።

ለአሜሪካ አንባቢ ሳይዋደዱ ተጋብቶ በኋላ መዋደድ ብርቅ ታሪክ ነው። ለእኛ አያቶች ግን ኑሮ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆጥሮ፣ ሙሽራውን ሠርጓ ዕለት ያየች ስንት ሴት አለች? ፍቅሩ የመጣላትም አለች፣ ያልመጣላትም። መጽሐፎቹ ስለ ሁለተኛዋ አይጽፉም፤ ያ ድክመታቸው ነው።

መለያውን ጠየቅሽኝ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ጸሎቱን ሁሉ ከመጽሐፉ አወጣና ታሪኩን አየዋለሁ። ምንም ሳይጎድለው ከቆመ ጸሎቱ ለጌጥ ነበር ማለት ነው። ጥሩው ላይ እምነቱ ሰውየውን ያስከፍለዋል። የሚወዳትን ሊተው ይገደዳል፣ ወይ ይቅር ማለት የማይፈልገውን ይቅር ሊል ይገደዳል። የፍራንሲን ሪቨርስን «ሪዲሚንግ ላቭ» ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው፣ የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወደ ካሊፎርኒያ የወርቅ ዘመን አምጥታ ነው የጻፈችው። ባልየው ጥላው ስትሄድ ሄዶ የሚያመጣት ሴት አለችው። ከዚያ መጽሐፍ እምነቱን አውጥተሽ ታሪክ አይተርፍሽም። ጉዱ ግን ከባድ ነው፣ በልጅነቷ ለዝሙት ስለተሸጠች ሴት ስለሆነ ለታናሽ እህትሽ አትስጪያት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የአባቴ እናት ግን ሙስሊም ናቸው፣ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት መጨረሻ ያላመነው ሰው ያምንና ይጋባሉ። ጓደኞቼ ያለቅሳሉ፤ እኔን ግን የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል። ችግሩ ከእኔ ይሆን?

መልስ፦ ከአንቺ አይደለም። ወሎ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ካልቆረቆረው ነው የሚገርመኝ።

መጀመሪያ የእነሱን አገር ነገር እንይ። ጸሐፊዎቹ «ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ» የሚለውን ቃል ይዘው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ሰውየው ማመን አለበት፤ ገጹ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ እምነቱ ይፈጥናል። እዚያ ይሄ ብዙም አይከብድም፣ ምክንያቱም ጀግናው አብዛኛውን ጊዜ ከክርስቲያን ቤት ወጥቶ የኮበለለ ልጅ ነው፤ ሲያምን ወደ እናቱ ቤት ነው የሚመለሰው። አንቺ ቤት ግን የሚያምነው ሰው የሚተወው ሌላ ቤት አለ። የአያትሽን ቤት። ደራሲዋ ስለዚያ ቤት አንድ አንቀጽ አልጻፈችም፣ የቆረቆረሽም እሱ ነው።

የእኛም ልብ ወለድ ከዚህ አልዳነም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ጦቢያ»፣ ራሱ ታሪካዊና ክርስቲያናዊ የፍቅር ታሪክ ነው። ጦቢያ የምትባለው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፣ መጨረሻ ላይ አረማዊው ንጉሥ ክርስትና ተነስቶ ያገባታል። ያው እኮ ነው!

አሁን ደግሞ ቦሩ ሜዳን አስቢ፣ ከደሴ አፍንጫ ሥር ያለውን። ግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ አደረጉ። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሱ ተባለ። ከመኳንንቱ አንዱ ኢማም መሐመድ ዓሊ «ሚካኤል» ተባሉ፣ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዮሐንስ ሆኑ። እምቢ ያሉም ነበሩ፤ ሸህ ጠልሃ ተነስተው ተዋግተዋል። ሚካኤል በኋላ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፣ ልጅ ኢያሱን ወለዱ፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1909 መስከረም ላይ ልጅየው «ሰልሟል» ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። አባት በንጉሥ ትእዛዝ ክርስቲያን ሆኑ፣ ልጅ በእስልምና ተከሶ ወደቀ፤ አባትም ለልጃቸው ብለው ጥቅምት ላይ ሰገሌ ዘምተው ተማረኩ። ደሴ ያለውን የሚካኤልን አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ባየሁ ቁጥር ይሄ ቤተሰብ ስንት መጽሐፍ ይወጣው ነበር እላለሁ። ሚካኤል ከቦሩ ሜዳ ሲመለሱ እናታቸው ቤት ምን ተባለ? ማዕድ ላይ ማን ከማን ጋር ተቀመጠ? ታሪክ ጸሐፊ ሰነድ ከሌለው ዝም ይላል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን እዚያች ቤት ገብቶ መቀመጥ ይችላል።

እኔ የምፈልገው የወሎ መንፈሳዊ የፍቅር መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነው። ሠርግ አለ እንበል። እዚህ ጋ ክርስቲያኑ አርዷል፣ እዚያ ጋ ሙስሊሙ አጎት በቢስሚላህ አርዷል፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ ሳቁ አንድ ላይ። ሙሽራዋ ይሄንን ታያለች። እምነቷን አትጥልም፣ የአያቷንም እጅ አትጥልም፤ ሁለቱን ይዛ ምን ታደርጋለች? መልሱ ቀላል ከሆነ መጽሐፉ መጥፎ ነው።

ጥያቄ፦ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደሴ ላይ የሚሆን የፍቅር ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ጀግናዬ ሆስፒታል የምትሠራ ልጅ ናት። ስንቱ እውነት፣ ስንቱ ፈጠራ ይሁን?

መልስ፦ በርቺ! ሰው የሚያውቀውን ቀን አትንኪ፣ ሰው የማያውቀውን ልብ እንደፈለግሽ ፍጠሪ። ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ህዳር 26 ቀን 1928 ነው፤ ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመቷል። ይሄ ለልጅቷ ከበቂ በላይ ነው። ግን ቀኑን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ጾመ ነቢያትም ከገባ ቆይቷል። ልጅቷ ያን ቀን ዶሮ ስትገነጥል ካየሁ መጽሐፉን ዘግቼ እተኛለሁ። ጎረቤቷ ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ጁምዓ ነው፣ ሰው ወደ መስጊድ ይወጣል። ገበያ የምትከፍለው በማርትሬዛ ብር ሊሆን ይችላል።

ጾም ላይ ሠርግ የለም፤ ስለዚህ ካገባች ጥር ላይ ነው። መጋቢት ላይ ማይጨው አለ፣ ሚያዝያ ላይ ጣሊያን ደሴ ይገባል። በጥርና በመጋቢት መካከል ያለችው ጊዜ የታሪክሽ እምብርት ናት። ጋብቻውንም ወስኚ፣ ሰማንያ ነው ወይስ ቁርባን? በቁርባን ከሆነ መፋታት የለም። ባሏ ከማይጨው ባይመለስ፣ ሞቶ ይሁን ተማርኮ ባይታወቅ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ቢወዳት፣ ያን ጊዜ እምነቷ ያስከፍላታል። እንደ ዘንድሮ ልጅ «ራሴን ማግኘት አለብኝ» እንዳትልብኝ ብቻ፤ የ1928 የደሴ ልጅ እንደዚያ አታወራም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የንባብ ቡድን አለን። መጽሐፍ ስለማይገኝ በቴሌግራም ፒዲኤፍ እንላላካለን። ነውር ነው?

መልስ፦ የአገራችንን ደራሲዎች አታድርጉባቸው፤ አንድ ሺህ ኮፒ ለማሳተም ከማተሚያ ቤት ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ነው የምትጎዱት። የውጭዎቹም ቢሆኑ አዲሶቹ ባለቤት አላቸው፤ አንድ ኮፒ ገዝታችሁ በተራ አንብቡት፣ ማንም አይከሳችሁም። «ቤን ኸር» እና «ኮ ቫዲስ» ግን መብታቸው ካለፈ ቆይቷል። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የእንግሊዝኛቸው በነፃ አለ፣ ስልክ ላይ ይወርዳል። ዳታው ርካሽ በሆነበት ሰዓት አውርዱት።