ለሰልጣኞቼ የትኛውን የልብ ምት መለኪያ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የግል የስፖርት አሰልጣኝ ነኝ። 9 ቋሚ ሰልጣኞች አሉኝ። አብዛኞቹ ክብደት መቀነስ ነው የሚፈልጉት፣ ሁለቱ ሩጫ ይወዳሉ፣ አንዲት እናት ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እስካሁን የማሠራው ፊታቸውንና ትንፋሻቸውን እያየሁ ነበር። አሁን የልብ ምት መለኪያ ልገዛ ብዬ ሳገላብጥ ግራ ገባኝ። የደረት ቀበቶ አለ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር አለ፣ ሰዓት አለ። ገሚሶቹ ስማርት ሰዓት አላቸው፤ ያው እሱ አይበቃም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብቃት አለመብቃቱ የሚወሰነው በምታሠራቸው ነገር ነው። ለእርምጃ፣ ለቀስታ ሩጫ፣ ቁጭ ብሎ ብስክሌት ለመምታት ደህና ሰዓት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክብደት የምታስነሳቸው ከሆነ ወይም አጫጭርና ፈጣን ዙሮች የምታሠራቸው ከሆነ ግን አይበቃም።

እኔም በሰዓት ነበር የጀመርኩት። አንድ ቀን አንዱ ሰልጣኜ ኬትልቤል (እጀታ ያለው የብረት ክብደት) ሲያወዛውዝ ጎንበስ ብዬ ሰዓቱን አየሁት፤ 92 ይላል። ሰውየው ግን ላቡ ከአገጩ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ «ደህና ነኝ» ለማለት እንኳን መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። አስቆምኩትና ሁለት ጣቴን አንገቱ ሥር አሳርፌ 15 ሰከንድ ቆጠርኩ። 38 መጣ። በ4 ስታባዛው 152 ነው። ሰዓቱን አምኜ ቢሆን ኖሮ «ገና ነህ፣ ጨምር» ልለው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ መለኪያ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው በጣቴ ቆጥሮ ማስተያየት ነው፤ አንዴ በእረፍት፣ አንዴ ደግሞ ሰውየው ሠርቶ እንዳቆመ ወዲያው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ ያበራል። ደም ይህን ብርሃን ይውጠዋል። ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ሥር ያለው ደም ትንሽ ስለሚጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ያንን ከፍ ዝቅ ማለት ነው የሚቆጥረው። ዘዴው ጥሩ ነው። ችግሩ እጅ ብረት ሲጨብጥ፣ አንጓ ሲታጠፍ፣ ሰዓቱ ላላ ብሎ ሲንሸራተት ብርሃኑ ይረበሻል። እጅ በብርድ ሲደነዝዝም ወደ ቆዳ የሚመጣው ደም ያንሳል። ሰዓቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር ንቅሳት ካለ ደግሞ ጭራሽ ላያነብ ይችላል። ሯጮችህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሰዓቱ አንዳንዴ የልቡን ምት ትቶ እርምጃውን ይቆጥራል። በደቂቃ 170 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በቀላል ሩጫ እያወራ ሳለ ሰዓቱ «ልብህ 170 ነው» ካለው ጠርጥር። በሰዓት መሥራት ግድ ከሆነ ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው ጠበቅ አድርገው እንዲያስሩት ንገራቸው፤ ብዙውን ስህተት ይቀንሳል።

የደረት ቀበቶ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ቤት ኢሲጂ ሲያነሱ እንደሚያደርጉት የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ራሱን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ እጅ ምን እየሠራ እንደሆነ አይጨነቅም። ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያውን ገመድ አልባ መለኪያ ይዞ ከወጣ ጀምሮ መሠረቱ ብዙ አልተለወጠም። ፖላር ኤች10፣ ጋርሚን ኤችአርኤም ዱዋል፣ ዋሁ ቲከር፣ ከሦስቱ የትኛውንም ብትይዝ ለሥራህ ይሆናል። እኔ ብሆን ሁለት የደረት መለኪያ እና አንድ የክንድ ገዝቼ እጀምራለሁ። ለ9 ሰው 9 መግዛት አያስፈልግም፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ላይ አይመጡማ።

ስትገዛ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ሴንሰሯ (ምቱን አንብባ የምትልከው ትንሿ ዕቃ) ከጨርቁ ተነቅላ የምትወጣ ትሁን፣ ጨርቁም ለብቻው የሚሸጥ ይሁን። ጨርቁ ላብ ይጠጣል፤ የአንዱን ላብ ሌላው ደረት ላይ ማሰር ደግሞ ነውር ነው፣ ቆዳም ያሳክካል። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ የራሱን ጨርቅ አስይዘውና አንተ ሴንሰሯን ብቻ እያዞርክ ትሠራለህ። የጨርቁን ልክም አትርሳ፤ ለቀጭን ሴት የሰፋ ቀበቶ እየተንሸራተተ ቁጥሩ ሲጠፋ ጥፋቱ የመሣሪያው ይመስልሃል። ሁለተኛ፣ ብሉቱዝም አንት ፕላስም ያለው ይሁን፤ ሁለቱም መለኪያው ቁጥሩን ያለ ገመድ የሚልክባቸው መንገዶች ናቸው። ብዙ መለኪያዎች በብሉቱዝ የሚያናግሩት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ የሰልጣኙ ስልክ ቀድሞ ከያዘው አንተ ታብሌትህ ላይ ብትፈልገው አታገኘውም። ኤች10 ሁለት ይፈቅዳል። በአንት ፕላስ ግን ሴንሰሯ ለሁሉም ነው የምትናገረው፣ ስንት ተቀባይ ቢሰማት ግድ የላትም። አይፎን ግን አንት ፕላስን በራሱ አይሰማም፣ ይህንን ሳታጣራ እንዳትገዛ።

አንድ ነገር ከልቤ ልንገርህ። ሰው ያልተመቸውን ነገር አያደርግም። የደረት ቀበቶ ከልብስ ሥር፣ ከጡት በታች ነው የሚታሰረው፤ ለሴት ሰልጣኞችህ ቀበቶውን ስጣቸው፣ አስተሳሰሩን በቃል አስረዳቸው፣ ልብስ መቀየሪያ ገብተው ራሳቸው አስረው ይምጡ። አንተ አታስርላቸው። «ያፍነኛል» ወይም «አልፈልግም» ካለች አትጫናት። የክንዱን፣ ለምሳሌ ፖላር ቬሪቲ ሴንስን፣ ስጣት። እሱም በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ግን ክንድ ሥጋ ስላለውና እንደ አንጓ ስለማይታጠፍ ከሰዓት በጣም ይሻላል። ደግሞም የሰው የልብ ምት የጤና መረጃ ነው፤ ሌላ ሰልጣኝ በሚያየው ስክሪን ላይ ሳታስፈቅድ ስም ጽፈህ አታሳይ።

አሁን ስለ ቁጥሩ። የልብ ምትን ጣሪያ፣ ማለትም ልብ በደቂቃ ቢበዛ ስንት ጊዜ ሊመታ እንደሚችል ለመገመት 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የ40 ዓመት ሰው 180 ይወጣለታል። ችግሩ ይህ አማካይ ነው፤ ትክክለኛው ጣሪያ ከዚያ በ10 ወይም በ12 ምት ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት ጤነኛ ሰው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው 208 ሲቀነስ 0.7 ጊዜ ዕድሜ የሚለው ስሌት በዕድሜ ለገፉ ይሻላል፤ ለ60 ዓመት ሰው በድሮው 160፣ በዚህኛው 166 ይመጣል። እኔ ከሁለቱም በላይ የእረፍት ምትን የሚያስገባውን እወዳለሁ። ጣሪያው 180፣ የእረፍት ምቱ 60 የሆነ ሰው በመሀሉ 120 አለው። 60 በመቶ ስታሠራው የ120ን 60 በመቶ፣ ማለትም 72ን፣ ከ60 ጋር ትደምራለህ፣ 132። የእረፍት ምታቸውን ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ለጥቂት ቀናት እንዲቆጥሩ አድርግ።

ወደ እኚያ እናት ልምጣ። ለእሳቸው ከመሣሪያው በፊት የመድኃኒቱን ስም ጠይቅ። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት፣ እንደ አቴኖሎል ወይም ቢሶፕሮሎል ያለ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ልብ በፍጥነት እንዳይመታ ይይዛል። ቀበቶው 105 እያለ እሳቸው አቅማቸው ጫፍ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። «ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፣ እንጨምር» ካልክ ትጎዳቸዋለህ። ሐኪማቸው ምን ያህል እንዲሠሩ እንደፈቀደላቸው ጠይቀው ይምጡ፤ አንተ ደግሞ በንግግራቸው ለካቸው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ መሥራት ከቻሉ ደህና ነው፣ በሁለት ቃል ከተቆረጡ ቀንስ። ደረት ላይ ማፈን ወይም ማዞር ካሉ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ካላለፈላቸው ወዲያው ሕክምና ያግኙ።

ጥያቄ፦ የደረት ቀበቶ ገዝቼ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገና እየተራመድኩ 210 ይላል፣ ከዚያ በራሱ ወደ 120 ይወርዳል። ልቤ ታሞ ይሆን? በጣም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ብዙውን ጊዜ ይህ ደረቅ ቀበቶ ነው። ከጀርባው ያሉት ሁለት ሰፋ ያሉ ቦታዎች እርጥበት ካላገኙ ምልክቱን በደንብ አይዙም፤ ላብሽ ሲመጣ ራሱ የሚስተካከለው ለዚህ ነው። ሰፋ ያለ የናይለን ቲሸርት ከለበስሽ ደግሞ ከሰውነት ጋር ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ቁጥሩን ያዘልለዋል። ከማሰርሽ በፊት ቦታዎቹን በውኃ አርጥቢያቸው፣ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጊው፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ልብስ ልበሺ። 210 ሲል ቆም ብለሽ በጣትሽ ቁጠሪ። ጣትሽም በጣም ብዙ ካገኘ፣ ወይም ልብሽ ሲዘል ከተሰማሽ፣ ወይም ካዞረሽ፣ ያኔ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የቀበቶዬ ባትሪ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የተበላሸ ዕቃ ይሆን የሸጡልኝ?

መልስ፦ ከሠራህ በኋላ ሴንሰሯን ከጨርቁ ትነቅላታለህ? ካልነቀልካት እርጥቡ ጨርቅ ደረት ላይ ያለች ይመስላትና በቦርሳህ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ታድራለች። ንቀላት፣ በጨርቅ ጥረጋት፣ ቀበቶውን በለብታ ውኃ አለቅልቀህ ጥላ ላይ አስጣው። ይህን እያደረግህም በሳምንታት ውስጥ ካለቀ ባትሪውን ከሌላ ቦታ ገዝተህ ቀይረው፤ ያም ካልሠራ ደረሰኝህን ይዘህ ወደ ገዛህበት ተመለስ።